ሳይቃጠል በቅጠል፤ ድክ ድክ የሚል ልጅና የማድ ቤት ዕቃዎቻችን

«አትንካ!» ድክ ድክ የሚል ልጅ ባለበት ቤት ከዚህ ቃል በላይ የሚደጋገም ያለ አይመስለኝም፡፡ እናት ትለዋለች፣ አያት ትለዋለች፣ ሠራተኛዋ ትለዋለች፣ አባትም ጋዜጣውን ሳይለቅ ከሳሎን ሆኖ ይለዋል፡፡ ቃሉ ግን አንድ ትልቅ ጉድለት አለበት፡፡ ዓመት ከመንፈቅ የሆነው ሕፃን ቃሉን ሰምቶ፣ ትርጉሙ ገብቶት፣ የዘረጋውን እጁን እስኪሰበስብ ድረስ የጋለው ምጣድ አይጠብቀውም፡፡ ዛሬ የተነገረውንም ነገ አያስታውሰውም፡፡ ስለዚህ በዚህ ዕድሜ መለወጥ ያለበት ልጁ ሳይሆን ማድ ቤቱ ነው፡፡ አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚሉት ለእንዲህ ያለው ጉዳይ ነው፡፡

የሕግ ትምህርት የቀመሰ ሰው ስለ ምጣድና ስለ ጀበና ምን አገባው የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል፡፡ ያገባዋል፡፡ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 52 ዘጠኝ ዓመት ያልሞላው ሕፃን በወንጀል ተጠያቂ እንደማይሆን ይደነግጋል፡፡ በአንቀጽ 59 ደግሞ ቸልተኝነትን ሲተረጉም፣ የድርጊቱን ውጤት ማወቅ የሚችል ወይም የሚገባው ሰው ሳያስብና ሳይጠነቀቅ የሚፈጽመውን ይጨምራል፡፡ እነዚህን ሁለት አንቀጾች ይዘን ማድ ቤት ብንገባ የምናገኘው መልስ ግልጽ ነው፡፡ ምድጃው አጠገብ ካሉት ከአዋቂውና ከሕፃኑ መካከል የሚመጣውን አስቀድሞ ማየት የሚቻለው አዋቂው ብቻ ነው፡፡ ይህን የምለው ልጁ የተቃጠለበትን ወላጅ ከሳሽ ፊት ለማቆም አይደለም፤ የደረሰበት ይበቃዋል፡፡ «ድንገት ነው» የምንለው አብዛኛው የማድ ቤት አደጋ ድንገተኛ አለመሆኑን ለማሳየት ነው፡፡

ለምን ኮሶዬ?

ለዚህ ጽሑፍ ኮሶዬን በምሳሌነት የመረጥኩት ያለ ምክንያት አይደለም፡፡ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ እንደተጓዝን ገደል አፋፍ ላይ የምናገኛት ኮሶዬ ናት፡፡ መንገደኛው ከመኪና ወርዶ ቁልቁል የሚታየውን ተራራና ጭላዳ ዝንጀሮ አይቶ ያልፋል፡፡ ከዚያ ወዲያ አምባ ጊዮርጊስ፣ ዳባት፣ ደባርቅ እያለ ወደ ሰሜን ተራሮች ይዘልቃል፡፡ አካባቢው ሁሉ ደጋ ነው፡፡ ፀሐይ ስትጠልቅ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፡፡ እሳት እዚያ ወጥ ማብሰያ ብቻ አይደለም፤ ልብስም ነው፣ መብራትም ነው፣ ማኅበርም ነው፡፡

በአንድ ወቅት እዚያው አካባቢ ያስተናገደችኝ እናት ልጇ እሳቱ ዳር ሲንገታገት አይቼ «ልጁን ራቅ ብታደርጊው» ብላት፣ «ከእሳቱ አርቂው ይሉኛል፤ ብርዱንስ ከልጁ ማን ያርቅልኛል?» ብላ መለሰችልኝ፡፡ ልክ ናት፡፡ የውጭ አገር መጻሕፍት ሕፃን ማድ ቤት እንዳይገባ በሩ ላይ መዝጊያ አድርጉ ይላሉ፡፡ ማድ ቤቱ መኖሪያው፣ መኖሪያውም ማድ ቤቱ ለሆነ ቤተሰብ ይህ ምክር የሚሠራ አይደለም፡፡

አዲስ አበባ በኮንዶሚኒየም የሚኖረው አንባቢ «ይህ የገጠር ጣጣ ነው» እንዳይል አደራ፡፡ የእርሱም ማድ ቤት ሁለት ሰው በቅጡ የማያስቆም ጠባብ ክፍል ነው፡፡ ልጁን ሳሎን ብቻውን ትቶ ማብሰል አይቻልም፤ ይዞ መግባትም ያስፈራል፡፡ የኮሶዬዋ እናትና የኮንዶሚኒየሙ ነዋሪ ጥያቄያቸው አንድ ነው፡፡ ልጁን ማራቅ ካልተቻለ ዕቃውን እንዴት እናድርገው?

ልጁ ምን መድረስ ይችላል?

ብዙ ሕፃናት ከሰባት እስከ አሥር ወር ባለው ጊዜ መዳህ ይጀምራሉ፡፡ በዓመታቸው ገደማ ይቆማሉ፣ ይራመዳሉ፡፡ ዓመት ከመንፈቅ ሲሆናቸው በርጩማና መደብ ላይ መውጣት ይለምዳሉ፡፡ በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ቁመቱ 80 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ እጁን ወደ ላይ ሲዘረጋ ደግሞ አንድ ሜትር ይጠጋል፡፡ የከተማ ማድ ቤት ጠረጴዛ ከ85 እስከ 90 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው መሆኑን ስናስብ ጠርዙ ላይ ያስቀመጥነው ድስት በእጁ ክልል ውስጥ ነው ማለት ነው፡፡ ልጁ ጠረጴዛው ላይ ያለውን አያይም፤ የተንጠለጠለውን ሽቦና የወጣውን እጀታ ግን ያያል፡፡ ያየውን ይጎትታል፣ የያዘውን ወደ አፉ ይወስዳል፡፡ ይህ ባለጌነት አይደለም፤ ዓለምን የሚያውቅበት መንገድ ነው፡፡

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ገንዘብ አይጠይቅም፡፡ ማድ ቤታችሁ ወለል ላይ ተንበርከኩና በልጁ ቁመት ዙሪያውን ተመልከቱ፡፡ ቆማችሁ የማታዩትን ብዙ ነገር ታያላችሁ፡፡ ከዚያ ወደየዕቃው እንሂድ፡፡

ጉልቻ፣ ምጣድና ረመጥ

መሬት ላይ የተጎለተ ጉልቻ ለሚድህ ልጅ ከፊቱ ፊት ለፊት ነው፡፡ መፍትሔው ከፍ ማድረግ ነው፡፡ በደጋው አገር መደብ በጭቃና በድንጋይ መሥራት የማያውቅ የለም፤ ያው ሙያ ምድጃውን ወገብ ድረስ ከፍ ለማድረግ ይበቃል፡፡ ለእናትየውም ወገብ እረፍት ነው፡፡ «ምርጥ» የሚባለው በሲሚንቶ የሚሠራ የእንጀራ ምድጃ ማገዶ ከመቆጠቡ በላይ ነበልባሉን ዙሪያውን ስለሚሸፍነው ከክፍት ጉልቻ ይሻላል፤ ጎኑና ምጣዱ ግን የሚያቃጥሉ መሆናቸው መረሳት የለበትም፡፡ ከፍ ማድረግ ካልተቻለ በምድጃውና በልጁ መዋያ መካከል ልጁ የማይሻገረው፣ እሳት የማይደርስበት የጭቃ ከለላ ማቆም ነው፡፡

ከነበልባሉ ይልቅ የሚያታልለው ረመጥ ነው፡፡ አመድ የለበሰ ፍም የጠፋ ይመስላል፤ ልጁም በባዶ እግሩ ይገባበታል፡፡ እሳት ለነገ ማዳፈን ልማዳችን ነው፣ ብርድ ባለበት አገር ደግሞ ግድ ነው፡፡ ይሁን እንጂ የተዳፈነ እሳት በሰፌድ ሳይሆን በማይገለበጥ ብረት ወይም ሸክላ መከደን አለበት፡፡

የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ቤት ለቤት የሚዞሩ ባለሙያዎች ማብሰያው ከመኖሪያው እንዲለይ ይመክራሉ፡፡ ምክሩ በዋናነት ስለ ጭስ ነው፤ ለቃጠሎም እንደሚበጅ አብረው ቢያስረዱ ደግ ነው፡፡

ጀበናና ከሰል ማንደጃ

ቡናችንን የሚያህል ማኅበራዊ ጸጋ የለንም፡፡ ነገር ግን አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪባል ድረስ የጋለ ማንደጃና የፈላ ጀበና ወለል ላይ ይቆያሉ፤ ዙሪያውን ያለው ሰው ጨዋታ ይዟል፡፡ ለልጁ ከዚህ የበለጠ የሚስብ ነገር የለም፡፡ ማንደጃው ክፍሉ መሃል ከሚሆን ጥግ ይሁን፤ በማንደጃውና በልጁ መካከል ምንጊዜም አንድ አዋቂ ይቀመጥ፡፡ ልጅ ጭን ላይ አስቀምጦ ትኩስ ቡና መጠጣት ይቅር፤ የተቀዳ ትኩስ መጠጥ ከሩብ ሰዓት በኋላም ሕፃን ሊያቃጥል ይችላል፡፡

ከሰል ሌላም ጣጣ አለው፡፡ በብርድ ሌሊት ማንደጃውን መኝታ ቤት አስገብቶ በር ዘግቶ መተኛት በየዓመቱ ሰው ይገድላል፡፡ ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም ስለሌለው አይታወቅም፡፡ ሕፃን ከአዋቂ ይበልጥ ቶሎ ቶሎ ስለሚተነፍስ ቀድሞ ይጎዳል፡፡ ፍሙ የጠፋ ቢመስልም ከሰል ሌሊት ከሰው ጋር አይደር፡፡

የኤሌክትሪክ ምጣድና ስቶቭ

ዳባትና ደባርቅን የመሳሰሉ ከተሞች መብራት ካገኙ ወዲህ የኤሌክትሪክ ምጣድ በየቤቱ ገብቷል፡፡ እንጀራ የሚጋገርበት ገጽ 200 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ይደርሳል፤ ሸክላ ስለሆነም ከተነቀለ በኋላ ብዙ ቆይቶ ይበርዳል፡፡ አክንባሎ ተከድኖበታልና አያቃጥልም ማለት አይቻልም፡፡ ምጣዱ መሬት ላይ ወይም በርጩማ ላይ ከሚሆን በማይነቃነቅ ጠረጴዛ ላይ፣ ገመዱ በግድግዳው በኩል ተደብቆ ይቀመጥ፡፡

ሁለተኛው አደጋ ንዝረት ነው፡፡ በመስመራችን 220 ቮልት ይሄዳል፤ የተሰነጠቀ ሸክላ የውስጡን ሽቦ ያጋልጣል፡፡ «ትንሽ ይነዝራል እንጂ ደህና ይጋግራል» የሚባለው ምጣድ ሕፃን ባለበት ቤት መጋገር የለበትም፡፡ ሦስተኛውን፣ ማለትም የመሬቱን ሽቦ ቆርጦ መጣል የተለመደ ነገር ሆኗል፤ የተቆረጠው ግን የሰውን ሕይወት የሚያድነው ሽቦ ነው፡፡ አቅም ያለው ደግሞ 30 ሚሊ አምፔር ያህል ንዝረት ሲያመልጥ መስመሩን በቅጽበት የሚቆርጠውን መሣሪያ ቆጣሪው አጠገብ በባለሙያ ያስገጥም፡፡ ምጣድ ከፍተኛ ኃይል ስለሚስብ በተራ ማከፋፈያ ከስቶቭና ከፍሪጅ ጋር አብሮ አይሰካ፡፡ ባዶ የሶኬት ቀዳዳዎች በመክደኛ ይደፈኑ፤ መክደኛ ከጠፋ ከባድ ዕቃ ይደገፍባቸው፡፡

ሦስተኛው የእኛው አገር ልዩ ጣጣ ነው፡፡ መብራት ይሄዳል፤ ምጣዱ ወይም ስቶቩ እንደተሰካ ይረሳል፡፡ እናት ከሰል ልታያይዝ ትወጣለች፡፡ ከሰዓታት በኋላ መብራቱ ሲመጣ ማንም ሳያውቅ ዕቃው ይግላል፤ ልጁ ደግሞ ጠዋት ቀዝቅዞ ያገኘውን ነገር ሊነካ ይመጣል፡፡ መብራት በሄደ ቁጥር የመጀመሪያው ሥራ ሻማ መፈለግ ሳይሆን ሶኬት መንቀል ቢሆን ብዙ አደጋ ይቀራል፡፡

የፈላ ውኃ

እንደ ኮሶዬ ባለ ከፍተኛ ቦታ የአየሩ ግፊት ዝቅ ስለሚል ውኃ በ100 ሳይሆን በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፡፡ ይህ ግን መጽናኛ አይሆንም፡፡ 60 ዲግሪ የሞቀ ውኃ የአዋቂን ቆዳ በአምስት ሰከንድ ገደማ በከባድ ሁኔታ ያቃጥላል፤ የሕፃን ቆዳ ስስ ስለሆነ ከዚያም ይፈጥናል፡፡ የውኃ ማፍያው ገመድ ከጠረጴዛው ጠርዝ አይንጠልጠል፡፡ የድስትና የመጥበሻ እጀታ ወደ ግድግዳው ይዙር፤ ሁለት ምድጃ ካለ የኋለኛው ይቅደም፡፡ ትኩስ ነገር የሚቀመጥበት ጠረጴዛ ላይ ልጅ የሚጎትተው የጠረጴዛ ልብስ አይነጠፍ፡፡ ለገላ መታጠቢያ ሲቀላቀል ሳፋው ውስጥ ቀዝቃዛው ይቅደም፣ የፈላው ይከተል፡፡

ላምባ፣ በረኪናና ጋዝ

ላምባ በአምቦ ውኃ ጠርሙስ፣ በረኪና በለስላሳ ጠርሙስ፣ የጸረ ተባይ መድኃኒት በዘይት ጀሪካን ማስቀመጥ የኖርንበት ልማድ ነው፡፡ ልጁ የሚያውቀው ጠርሙሱን ነው፡፡ የተጠማ ልጅ ያንሳል፣ ይጠጣል፡፡ ማንኛውም የሚመርዝ ነገር ከመጣበት ዕቃ አይውጣ፣ ከምግብ ጋር አይቀመጥ፣ ከፍ ባለና በተቆለፈ ቦታ ይሁን፡፡ የጋዝ ሲሊንደር የሚጠቀም ሰው አብስሎ ሲጨርስ የምድጃውን ብቻ ሳይሆን የሲሊንደሩንም መክፈቻ ይዝጋ፤ የምድጃው መዘውር የሚነቀል ከሆነ ነቅሎ ከፍ ያለ ቦታ ያኑረው፡፡

ከፍሪጁ የምንማረው

አሮጌ ፍሪጅ ሲበላሽ ቁም ሣጥን ይሆናል ወይም ግቢ ውስጥ ይጣላል፡፡ ድሮ የተሠሩት በሮቻቸው በመወርወሪያ ስለሚቆለፉ ውስጥ ገብቶ የተደበቀ ልጅ መውጣት አይችልም፤ ይታፈናል፡፡ በአሜሪካ ብዙ ሕፃናት በዚህ መንገድ ከሞቱ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1956 የፍሪጅ ደኅንነት ሕግ ወጣ፡፡ አምራቾች ከውስጥ ተገፍቶ የሚከፈት በር እንዲሠሩ ተገደዱ፡፡ ዛሬ ፍሪጃችን በቁልፍ ሳይሆን በማግኔት የሚዘጋው በዚሁ የተነሳ ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ1970 ደግሞ እዚያው አገር መድኃኒትና አደገኛ ኬሚካል ሕፃን በማይከፍተው ክዳን እንዲታሸግ በሕግ ተደነገገ፡፡

እነዚህ ሕጎች ልጆችን «ፍሪጅ ውስጥ አትግቡ» አላሉም፡፡ ዕቃውን ለወጡት፡፡ እኛም መሠረቱ አለን፡፡ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 2085 ለትርፍ ዕቃ ሠርቶ ለሕዝብ የሚያቀርብ አምራች፣ ዕቃው እንደ ልማዱ ሲሠራበት በሌላ ሰው ላይ ለሚደርሰው ጉዳት ኃላፊ እንደሚሆን ይደነግጋል፡፡ ጉድለቱ በተለመደው ምርመራ ሊታወቅ የሚችል ከሆነ ግን ኃላፊነቱ ይቀራል፡፡ በእኔ እምነት የመሬት ሽቦ የሌለው ምጣድ ሠርቶ የሚሸጥ ሰው ይህን አንቀጽ ቢያነበው አይጎዳም፤ ገዢውም ከመክፈሉ በፊት ሶኬቱን ገልብጦ ቢያይ ለራሱም ለልጁም ይበጃል፡፡ ሕገ መንግሥታችንም በአንቀጽ 36 እያንዳንዱ ሕፃን በሕይወት የመኖር መብት እንዳለው ይናገራል፡፡ መብቱ የሚጀምረው ከቤት ነው፡፡

ጥፋቱ የማን ነው?

ልጅ ሲቃጠል ጎረቤቱ ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ፡፡ «እናቱ የት ነበረች?» የከተማው ሰው ደግሞ «ሠራተኛዋ ምን ትሠራ ነበር?» ይላል፡፡ ሠራተኛ የምንላት ብዙ ጊዜ ራሷ ልጅ ናት፤ በአንድ ጊዜ እንድትጋግር፣ እንድታጥብና እንድትጠብቅ አዘናታል፡፡ በገጠር እናት ውኃ ልትቀዳ ስትወርድ ሕፃኑን የምትጠብቀው የሰባት ዓመት እህቱ ናት፡፡ ሁለት ዓይን ብቻ ላለው ሰው ሦስት ሥራ ሰጥቶ ሲያመልጠው መውቀስ ፍትሕ አይደለም፡፡

ሌሎቹን እንጠይቅ፡፡ መደርደሪያውን የሚመታው፣ ምድጃውን ከፍ የሚያደርገው፣ የኤሌክትሪክ ባለሙያ የሚጠራው ብዙውን ጊዜ አባት ነው፡፡ የት ነበር? የተላጠ ሽቦ ያለበትን ማድ ቤት የሚያከራየው አከራይስ? ኪራይ ለመጨመር በየጊዜው የሚመጣ ሰው ሶኬት ለመቀየር ለምን አይመጣም? ኃላፊነት የሚለካው አደጋው ሲደርስ አጠገቡ በነበረው ሰው ብቻ ሳይሆን አስቀድሞ ማስቀረት ይችል በነበረውም ነው፡፡

ከደረሰስ?

የዓለም ጤና ድርጅት በቃጠሎ ምክንያት በዓለም ላይ በየዓመቱ 180,000 ያህል ሰዎች እንደሚሞቱ ይገምታል፤ አብዛኞቹ እንደ እኛ ባሉ አገሮች ነው፡፡ ከሞት የተረፈውም ልጅ ጣቱ ተጣብቆ፣ ክንዱ አልዘረጋ ብሎት ሊያድግ ይችላል፡፡ የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ብዙ ይወስናሉ፡፡

የተቃጠለውን ቦታ ወዲያውኑ በቀዝቃዛ ንጹሕ ውኃ ለ20 ደቂቃ ማጠብ ነው፡፡ ቧንቧ ከሌለ በጣሳ እየቀዱ ቀስ አድርጎ ማፍሰስ ይቻላል፡፡ በረዶ አያስፈልግም፡፡ ቆዳው ላይ ያልተጣበቀ ልብስና አምባር ቶሎ ይውለቅ፤ የተጣበቀው አይላጥ፡፡ ቅቤ፣ ሊጥ፣ የጥርስ ሳሙና፣ የቡና ዱቄት አይቀባ፤ ሙቀቱን ያፍናሉ፣ ቁስሉን ያመረቅዛሉ፡፡ ውኃ ያቋጠረው አይፈንዳ፡፡ በደጋ አገር አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፤ የተቃጠለው ቦታ ሲቀዘቅዝ የቀረው የልጁ ገላ በጋቢ ይሸፈን፣ ሕፃን በብርድ ቶሎ ይጎዳልና፡፡ ከዚያ ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኖ ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ነው፡፡ ፊት፣ እጅ፣ እግር፣ መገጣጠሚያ ወይም ብልት ከተቃጠለ ወይም ቃጠሎው ከልጁ መዳፍ ከሰፋ ለነገ አይባልም፡፡

ኤሌክትሪክ የያዘውን ልጅ በባዶ እጅ መሳብ ሁለት ሬሳ ያስከትላል፤ መጀመሪያ ብሬከሩ ይውረድ፡፡ ላምባ ወይም በረኪና የጠጣ ልጅ እንዲያስመልስ ጣት አይከተትበት፣ ወተትም አይጋት፤ ላምባ ሲመለስ ሳንባ ይገባል፣ በረኪና ሲመለስ ጉሮሮን ዳግም ያቃጥላል፡፡ ከነጠርሙሱ ይዞ ወደ ሐኪም መሮጥ ነው፡፡

ውድ አንባቢያን፣ ከላይ ከዘረዘርኩት አብዛኛው ገንዘብ ሳይሆን አንድ ቅዳሜ ከሰዓት የሚጠይቅ ነው፡፡ ጠርሙሶቹን መለየት፣ ገመዶቹን መሰብሰብ፣ ምጣዱን ከፍ ማድረግ፣ የመሬቱን ሽቦ መመለስ፡፡ በተለይ አባቶች፣ ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ ስትጨርሱ ለባለቤታችሁ «ልጁን ጠብቂው» ከማለታችሁ በፊት መፍቻ ይዛችሁ ወደ ማድ ቤት ግቡ፡፡

ቸር ያሰማን፡፡